ሳይቆጥሩ ለሚወስዱ፣ ሳይጠይቁ ለሚለቁ

እናንተ ከርነል የምትጽፉ፣ ድራይቨር የምታዘጋጁ፣ የሌላውን ኮድ አንብባችሁ «ይግባ» ብላችሁ የምትፈርሙ ሁሉ፣ ስሙ። በየቀኑ ሜሞሪ ትወስዳላችሁ። ስትወስዱ ማን እንደሚመልሰው አልወሰናችሁም፤ ስትለቁ ማን ገና እንደያዘው አልጠየቃችሁም። ኮዱ ኮምፓይል ሆነ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ሙከራው አለፈ፤ እናንተም ወደሚቀጥለው ሥራ አለፋችሁ። ጥፋቱ ግን አላለፈም። በማታውቁት ሰው ስልክ፣ በማታዩት ሆስፒታል ሰርቨር ውስጥ ተቀምጦ የሚያነቃውን ይጠብቃል።

ተራ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቢሳሳት ከኋላው ጠባቂ አለው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የወሰደውን ሜሞሪ ሁሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰበስበዋል፤ ያበላሸውም በአብዛኛው ከራሱ ጋር ይጠፋል። ከእናንተ ኋላ ግን ማንም የለም። ጠባቂው እናንተ ናችሁ። ከርነል ውስጥ የሚሮጥ ኮድ የማሽኑን ሜሞሪ ሁሉ ይደርስበታል፦ የባንክ ሂሳብ ያለበትንም፣ የታካሚ መዝገብ ያለበትንም፣ አንዲት ልጅ ለእናቷ የላከችው ፎቶ ያለበትንም። ሳትመልሱ የተዋችሁት ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ እንደተወሰደ ይቀራል። ያለጊዜው የለቀቃችሁት ደግሞ ለሌላ ይሰጣል፤ የእናንተ ፖይንተር ግን አሁንም እዚያው ላይ ነው።

ይህን አብዛኞቻችሁ በስሙ ታውቁታላችሁ እንጂ ተቀምጣችሁ አላሰባችሁበትም። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ። በአብዛኛው ማሽን ላይ ከርነሉ ሜሞሪውን 4096 ባይት በሆኑ ገጾች ይከፍለዋል። እናንተ የምትጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ 64 ወይም 192 ወይም 512 ባይት ነው። ገጹን እየቆራረጠ የሚያድለው ስላብ የሚባለው አሠራር ነው፤ ጄፍ ቦንዊክ ለሶላሪስ 2.4 ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1994 በጽሑፍ ያቀረበው፣ ሊኑክስም የወረሰው። ዛሬ በሊኑክስ ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው አከፋፋይ አሁን የተለቀቀውን ቁራጭ ተመሳሳይ መጠን ለሚጠይቀው ለሚቀጥለው ሰው ቀድሞ ይሰጣል። ምክንያቱ መልካም ነው፤ አሁን የተነካ ሜሞሪ ገና በፕሮሰሰሩ ካሽ ውስጥ ስላለ ሥራው ይፈጥናል። ይኸው መልካም ባሕርይ ግን ለአጥቂው ዋስትና ሆኖታል። እናንተ ያለጊዜው የለቀቃችሁትን ቁራጭ አጥቂው ወዲያው ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል፤ የፈለገውን ይጽፍበታል። የእናንተ ፖይንተር ተመልሶ ሲያነብ የሚያገኘው የአጥቂውን ቃል ነው። በዚያ ቁራጭ ውስጥ የፈንክሽን አድራሻ ተቀምጦ ከነበረ፣ ከርነሉ አጥቂው ወደጻፈለት ቦታ ይሄዳል።

እድር ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልገውም። የእድሩ ብረት ድስት ለለቅሶ ወጥቶ ወጡ ገና እሳት ላይ እያለ፣ አንዱ ዘመድ ሳይጠይቅ ሄዶ «መልሰናል» ብሎ ይፈርማል። ዕቃ ቤቱም መዝገቡን አምኖ ያንኑ ድስት ለሌላ ሐዘንተኛ ይጽፍለታል። አሁን በአንድ ድስት ሁለት ቤት ያበስላል። ዕቃ ጠባቂውን አትውቀሱ፤ እርሱ የሚያውቀው መዝገቡን ነው። ተጠያቂው ሳይጠይቅ የፈረመው ነው። ከርነሉም እንዲሁ የሚያምነው ፊርማችሁን ነው።

«እኔ አለመመለስ እንጂ ያለጊዜው መልቀቅ አልሠራሁም» የሚል ይኖራል። ሜሞሪ ማፍሰስን እንደ ቀላል ጥፋት የምትቆጥሩ፣ ሲቪኢ-2016-0728 በሚል የደኅንነት ቁጥር የተመዘገበውን ተመልከቱ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ቁልፎችንና የይለፍ ምስጢሮችን የሚይዝ ክፍል አለ። አንድ ፕሮሰስ «ወደዚህ የቁልፍ መያዣ አስገባኝ» ብሎ ሲጠይቅ ከርነሉ መያዣውን በስሙ ፈልጎ የተጠቃሚ ቆጣሪውን አንድ ይጨምራል። ፕሮሰሱ ቀድሞውኑ የያዘውን ያንኑ መያዣ ከጠየቀ ግን የተጨመረው አንድ መቀነስ ነበረበት፤ አልተቀነሰም። አንድ መስመር ጎደለች። ጉድለቷ በ3.8 ቅጂ ገብታ እስከ ጃንዋሪ 2016 ድረስ በሰው ሁሉ ማሽን ላይ ኖረች። ቆጣሪው 32 ቢት ነበርና አጥቂው ያንኑ ጥያቄ 4,294,967,296 ጊዜ ሲደጋግመው ዞሮ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ከርነሉም «ማንም አልያዘውም» ብሎ መያዣውን ይለቅቀዋል፤ ፕሮሰሱ ግን ይዞታል። ችግሩን ያገኙት ተመራማሪዎች በአንድ ተራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ እንደፈጀባቸው ገለጹ። የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን በግማሽ ሰዓት፣ ከአንዲት ያልተቀነሰች አንድ! ማስተካከያውም አንድ መስመር ነበር። አሁን ማፍሰስ ቀላል ጥፋት ነው የሚለኝ ማን ነው?

ዕድሜው ደግሞ ከዚህ የሚረዝም አለ። ዲሲሲፒ በሚባለው የኔትወርክ ፕሮቶኮል ኮድ ውስጥ አንዱን ቁራጭ ሁለት ጊዜ የሚለቅ ጥፋት በ2005 ገብቶ በ2017 ተገኘ። በኔትወርክ ማጣሪያው ክፍል፣ ኤንኤፍ ቴብልስ ውስጥ፣ በ2014 የገባ ሌላ ሁለት ጊዜ መልቀቅ አሥር ዓመት ቆይቶ በ2024 ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ በእውን ጥቃት እየተፈጸመባቸው ካሉት ተርታ አስገባው። የጻፈው ሰው ሥራ ሳይቀይር አይቀርም፤ ልጆችም አሳድጎ ይሆናል። መስመሩ ግን ሳይታክት ሠርቷል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ድራይቨር ጸሐፊዎች። በእናንተ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የእናንተ ጥፋት ከድንቁርና ሳይሆን ከምቾት የመጣ ነውና።

ዴቭኤም የሚባሉትን ፈንክሽኖች ትወዳላችሁ። መውደዳችሁ አይገርምም። ድሮ በድራይቨሩ መነሻ ላይ አምስት ነገር የወሰደ ሰው፣ አራተኛው ቢከለከል ሦስቱን በተቃራኒ ቅደም ተከተል እየለቀቀ መውጣት ነበረበት፤ በዚያ መሰላል ላይ ስንቱ ተንሸራቷል። ዴቭኤም መጥቶ ሜሞሪውን ከመሣሪያው ጋር አሰረላችሁ፤ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ ሁሉም ለእናንተ ይለቀቅላችኋል። እናንተም ማሰብ አቆማችሁ። ስለ መልቀቅ ማሰብ ስታቆሙ ስለ ዕድሜም ማሰብ አቆማችሁ፤ ጥፋታችሁ ይህ ነው።

እስቲ ዩኤስቢ ካሜራ ላይ ያለውን ተከተሉኝ። ካሜራው ይሰካል፤ ድራይቨራችሁ መረጃ መያዣውን በዴቭኤም ይወስዳል። አንድ ፕሮግራም ቪዲዮ ለመቅረጽ የካሜራውን ፋይል ይከፍታል። ሰውየው ቀረጻው ሳያልቅ ገመዱን ይነቅላል። ከርነሉ ድራይቨሩን ከመሣሪያው ያላቅቃል፤ ዴቭኤምም የታዘዘውን ይፈጽማል፣ መያዣውን ይለቅቃል። ፕሮግራሙ ግን ፋይሉን ገና አልዘጋውም። ከአፍታ በኋላ «የሚቀጥለውን ምስል ስጠኝ» ይላል፣ ወይም በቀላሉ ፋይሉን ይዘጋል። የእናንተ ፈንክሽን ይጠራል፤ መያዣውን ይነካል። መያዣው የለም። በቦታው ያለው የሌላ ሰው ነው። ይህ እንዲሆን ገመድ ከመንቀል በቀር ምንም አልተደረገም፤ ገመድ ደግሞ ሕፃን ልጅም ይነቅላል።

መሣሪያው ከድራይቨሩ ጋር የተጣመረበት ዕድሜ አንድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው የከፈተው ፋይል ዕድሜ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ይህ የተደበቀ ምስጢርም አይደለም። ሎራን ፒንሻር በ2022 በሊኑክስ ፕላምበርስ ጉባኤ ላይ ቆሞ ዴቭኤም ኬዚአሎክ ለምን ጎጂ እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። የግራፊክስ ድራይቨሮች ክፍል በ2020 ሜሞሪውን ከገመዱ መነቀል ጋር ሳይሆን ከመጨረሻው ተጠቃሚ መውጣት ጋር የሚያስር የራሱን መንገድ አበጅቷል። መንገዱ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ምልክት ተተክሎለት ሳለ በአሮጌው የምትሄዱ፣ ምን ትላላችሁ? መሣሪያው አንድ ማጣቀሻ ይያዝ፤ የተከፈተ ፋይል ሁሉ አንድ አንድ ይያዝ፤ የመጨረሻው ሲወጣ መያዣው ይለቀቅ። ከዚህ የከበደ ነገር አልተጠየቃችሁም። ዴቭኤምን ድራይቨሩ ሲላቀቅ በእርግጥ ለሚያበቃ ነገር፣ ለምሳሌ ለኢንተራፕት መስመር፣ ተጠቀሙበት፤ እርሱም ቢሆን የሚነካው መያዣ ከእርሱ በፊት እንዳይለቀቅ ቅደም ተከተሉን አይታችሁ። ተጠቃሚ በፋይል በኩል ሊደርስበት ለሚችል ነገር ግን አትጠቀሙበት።

ከዚህም የከፋ አለ። የመሣሪያ ኦብጀክት ሠርታችሁ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲወጣ የሚጠራውን የመልቀቂያ ፈንክሽን ሳትሰጡት ስትቀሩ፣ ከርነሉ ራሱ ይጮህባችኋል፦ ይህ መሣሪያ መልቀቂያ የለውም፣ የተሰበረ ነው፣ መጠገን አለበት ይላችኋል። ከእናንተ መካከል ይህን ጩኸት ሰምቶ ባዶ ፈንክሽን ጽፎ የሰጠ አለ። ሁለት ቅንፍ፣ በመካከላቸው ምንም። ጩኸቱ ቆመ፤ ስብራቱ ቀረ። የከርነሉ ሰነድ ይህን እንዳታደርጉ በግልጽ ጽፎ ከልክሏል፤ ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ሰው ሰነዱ የት እንዳለም እዚያው ተነግሮታል። ስለዚህ ይህ መርሳት አይደለም፣ አለማወቅም አይደለም። ምስክርን አፉን መዝጋት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ኮዱን ከማረሙ በፊት ራሱን ይመርምር፤ ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት የለመደ እጅ በሌላውም ሥራ ላይ አይታመንምና።

ይኸው ፈተና በቆጣሪዎችም ላይ አለ። በ2017 በ4.11 ቅጂ ሬፍካውንት-ቲ የሚባል ዓይነት ገባ። ከላይ የነገርኳችሁ የቁልፍ መያዣው ዓይነት አደጋ እንዳይደገም፣ ቆጣሪው ሊዞር ሲል ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ ከዜሮ ወደ አንድ ሊያነሣው የሚሞክርም ካለ ያስጠነቅቃል። ከዜሮ ማንሣት ማለት የሞተውን ኦብጀክት እንደ ሕያው መያዝ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣባችሁ «አዲሱ ዓይነት አስቸገረን» ብላችሁ ወደ ተራው አቶሚክ ቁጥር ብትመልሱት፣ ያጠፋችሁት እሳቱን ሳይሆን ደወሉን ነው።

አር-ሲ-ዩን የምትጠቀሙም አላችሁ። ፖል ማኬኒ የደከመበት፣ በ2002 ወደ ሊኑክስ የገባ፣ አንባቢዎችን ያለ መቆለፊያ የሚያሳልፍ ድንቅ ሥራ ነው። የሰጣችሁ ቃል ግን የተወሰነ ነው፦ በንባብ ክልሉ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ያያችሁት ኦብጀክት አይለቀቅም። ክልሉን ዘግታችሁ ፖይንተሩን ይዛችሁ የምትወጡ፣ ማን ፈቀደላችሁ? ይዛችሁት መውጣት ካለባችሁ ክልሉ ሳይዘጋ ቆጣሪው ዜሮ አለመሆኑን አረጋግጣችሁ አንድ ጨምሩ፤ ዜሮ ከሆነ ተዉት፣ የለም ማለት ነው።

ስለ ስሕተት መውጫዎቻችሁ አጭር ቃል አለኝ። ከርነሉ እስከ ስምንት ገጽ፣ ማለትም እስከ 32 ኪሎባይት ድረስ ያለውን ተራ ጥያቄ በተግባር እምብዛም አይከለክልም። በዚህም ምክንያት «ቢከለከልስ» ብላችሁ የጻፋችሁት መንገድ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳይሮጥ የኖረ ነው። ሆን ብሎ ጥያቄን የሚከለክል መሞከሪያ ከ2007 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ። አብሩት። ያልሮጠ መንገድ ላይ ነው ሁለት ጊዜ የምትለቁት። ደግሞም መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ ሜሞሪ ጠይቃችሁ ማስጠንቀቂያ ሲመጣባችሁ ባንዲራውን ወደ ጂኤፍፒ አቶሚክ ቀይራችሁ የምታልፉ፣ ለጭንቅ ቀን የተቀመጠውን ሜሞሪ እያወጣችሁ መሆኑን እወቁ። ሜሞሪውን መተኛት የሚከለክለውን መቆለፊያ ከመያዛችሁ በፊት ውሰዱ። ይህ ብቻ ነው።

አሁን ማመካኛችሁን አውቀዋለሁ። «የመፈተሻ መሣሪያው ያገኘዋል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ካሳን ከ2015 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ስምንት ባይት አንድ ባይት ጥላ አስቀምጦ የተለቀቀውን የሚነካውን ይይዛል። ሲዝቦት ቀን ከሌሊት የዘፈቀደ ጥያቄ እየወረወረ ከርነሉን ይሰብራል። ሁለቱም የምስጋና ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የመፈተሻ መሣሪያ ያገኘው ነገር በእናንተ እጅ ምን ሆነ?

አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ባይንደር የሚባል አፕሊኬሽኖች የሚነጋገሩበት ክፍል አለ። አንድ ክር ከባይንደር ሲወጣ የክሩ መረጃ መያዣ ይለቀቃል፤ በመያዣው ሆድ ውስጥ ግን የመጠበቂያ ሰልፍ አለ፣ ኢፖል የሚባለውም ሌላ ክፍል ወደዚያ ሰልፍ የሚያመለክት ፖይንተር ይዟል። መያዣው ተለቀቀ፤ ኢፖል አልተነገረውም። በኋላ ኢፖል ስሙን ከሰልፉ ሊያወጣ ሲመጣ በተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ሲዝቦት ይህን በኖቬምበር 2017 አገኘው። ማስተካከያው በ2018 መጀመሪያ ዋናው ከርነል ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳፍረው። ማስተካከያው የደኅንነት ቁጥር ሳይሰጠው ተራ ጥገና መስሎ ቀረ፤ በገበያ ላይ ወዳሉ ብዙ ስልኮችም አልደረሰም። በ2019 መጸው የጎግል የደኅንነት ቡድን የፕሮጀክት ዚሮ ተመራማሪዋ ማዲ ስቶን አጥቂዎች በዚሁ ጥፋት ስልክ እየሰበሩ መሆኑን የሚያመለክት መረጃ ይዛ መረመረችው። ፒክስል 2 ተጋልጧል፤ ሳምሰንግ ኤስ7፣ ኤስ8 እና ኤስ9 ተጋልጠዋል፤ ሁዋዌ ፒ20 እና ሬድሚ 5ኤም እንዲሁ። ያኔ ነው ሲቪኢ-2019-2215 የሚል ቁጥር የተሰጠው። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በሽተኛው አልተሰጠውም።

እነዚህን ስልኮች የሚይዘው ማን ነው? ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሱቅ ያለው፣ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ነው። ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች የተገዛ የስለላ ፕሮግራም ዒላማ እንደነበሩ የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2014 እና በ2017 ባወጣቸው ምርመራዎች ለዓለም ተገልጿል። እነዚያ ጥቃቶች የገቡት በተላከ ፋይልና በሐሰተኛ የፕሮግራም ማሻሻያ በኩል እንጂ በከርነል ጥፋት አልነበረም፤ ያልነበረውን ነበር አልልም። ነገር ግን ሰውን ለመሰለል ገንዘብ የሚከፍል መኖሩን አሳይተዋል። የሚከፍል ካለ፣ እናንተ ያለጊዜው የለቀቃችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የምትከፍሉት ግን እናንተ አይደላችሁም።

ሁለተኛው ማመካኛችሁ ረስት ነው። «አዲሱ ቋንቋ ሲመጣ ይህ ሁሉ ያበቃል» ትላላችሁ። በቋንቋው ላይ ክፉ ቃል የለኝም። የባለቤትነትንና የዕድሜን ጥያቄ ኮምፓይል ሳይሆን በፊት እንድትመልሱ ያስገድዳችኋል፤ ከ6.1 ቅጂ ጀምሮም በሊኑክስ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ጎግል በአንድሮይድ አዲሱን ኮድ ሜሞሪን በሚጠብቁ ቋንቋዎች መጻፍ ከጀመረ በኋላ፣ በ2019 ከደኅንነት ጥፋቶች 76 በመቶ የነበረው የሜሞሪ ጥፋት በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። ይህን ፍሬ አይቶ የማይደሰት የለም። ግን በከርነሉ የረስት ኮድ ላይ የመጀመሪያው የደኅንነት ቁጥር በ2025 መጨረሻ ሲሰጥ የተሰጠው በረስት እንደገና ለተጻፈው ለዚያው ለባይንደር ነው፤ «ይህን እኔ አረጋግጣለሁ» ተብሎ ከቋንቋው ጥበቃ ውጭ በተጻፈ፣ ኦብጀክትን ከዝርዝር በሚያወጣ ኮድ ላይ። ማረጋገጫው ልክ አልነበረም። የፈረመው ኮምፓይለሩ ሳይሆን ሰው ነው። በሲ ሳይጠይቅ መፈረም የለመደ ሰው በረስትም ሳይጠይቅ ይፈርማል። ደግሞም ዛሬ በምድር ላይ የሚሮጠው ከርነል እጅግ የሚበዛው ሲ ነው፤ አዲሱ ቤት እስኪሠራ ሰው የሚኖረው በእናንተ ቤት ነው።

እንግዲህ ንስሐ ግቡ። ንስሐ ስል መጸጸትን ብቻ አልልም፤ ጸጸት ኮድ አያርምም። ኑዛዜ አለው፣ መተው አለው፣ ካሣ አለው።

ኑዛዜው የተዘጋጀ ነው። ማስተካከያ ስትልኩ ከታች «ይህን ጥፋት ያመጣው የትኛው ለውጥ ነው» የሚል መስመር አለ፤ የዚያን ለውጥ መለያ የመጀመሪያ አሥራ ሁለት ፊደላትና ርእሱን ትጽፋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ያመጣው የራሳችሁ ለውጥ ሲሆን ያን መስመር ትተዋላችሁ፤ ማስተካከያውንም «ኮድ ማጽዳት» ብላችሁ ትሰይሙታላችሁ። እንዲህ ስታደርጉ በባይንደር የሆነው ይደገማል፦ የአሮጌ ቅጂዎች ጠባቂዎች ማጽዳት ነው ብለው ያልፉታል፣ ስልክ ሠሪውም አያየውም፣ አጥቂው ግን ያነበዋል፤ እርሱ ርእሱን ሳይሆን ለውጡን ነው የሚያነበው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የከርነሉ ቡድን ራሱ የደኅንነት ቁጥር ይሰጣል፤ የሚሰጠውም እናንተ በጻፋችሁት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስማችሁ ያለበትን ለውጥ በስሙ ጥሩት። የተለቀቀ ሜሞሪ ይነካ ነበር በሉ። በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት ጻፉ።

መተዉም እንዲህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ሜሞሪ መውሰጃ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር መልሱ፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ ከባለቤቱ ሌላ ማን ሊይዘው ይችላል፣ የመጨረሻው መውጣቱ በምን ይታወቃል። መልሱን ከመያዣው ፍቺ በላይ በኮሜንት ጻፉት፤ ሌላው እንዲያነበው፣ ውሸት ከሆነም እንዲይዛችሁ። መመለስ ካቃታችሁ አትውሰዱ። ንድፉ አላለቀም ማለት ነው።

እናንተም ገምጋሚዎች፣ እጃችሁን አትታጠቡ። የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ያስገባው ግን የእናንተ ፊርማ ነው። በክፍተትና በስም አሰጣጥ ላይ ሦስት ዙር ደብዳቤ የምትጻጻፉ፣ «ገመዱ ፋይሉ ክፍት ሳለ ቢነቀልስ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ሳትጠይቁ የስንቱን ድራይቨር አሳለፋችሁ? ይህን ጥያቄ ጠይቃችሁ መልስ ሳታገኙ አትፈርሙ። ጸሐፊው ቢቆጣ ይቆጣ። ኩባንያው «የመልቀቂያው ቀን ደረሰ» ቢል ይበል።

ካሣው ይከብዳል፤ ከባድ ስለሆነም ነው ብዙዎች ንስሐቸውን ከዚህ በፊት የሚያቆሙት። ትናንት የጻፋችሁትን ድራይቨር ሁሉ ክፈቱ። በዴቭኤም የተወሰደ፣ በፋይልም በኩል የሚደረስ መያዣ ፈልጉ። ባዶ መልቀቂያ ፈልጉ። ከንባብ ክልል ይዞ የወጣ ፖይንተር ፈልጉ። ካሳንን አብርታችሁ፣ የኦብጀክት መለቀቅን በዘፈቀደ የሚያዘገየውን መሞከሪያ አብርታችሁ፣ ፋይሉ ክፍት ሳለ ገመዱን ደጋግማችሁ ንቀሉ። የተገኘውን አርሙ። ከዚያም ሰው እየተጠቀመባቸው ወዳሉት አሮጌ ቅጂዎች አውርዱት፤ በዋናው ከርነል ውስጥ መግባቱን አይታችሁ «ጨርሻለሁ» አትበሉ፣ በእናት ቤት ያለ መድኃኒት በሩቅ ያለውን ልጅ አያድነውም። ማስተካከያው በአሮጌው ቅጂ ላይ እንዳለ አልገባ ካለ ለዚያ ቅጂ እንደገና ጻፉት፤ ለ6.1ም፣ ለ5.15ም፣ ለ5.10ም ለየብቻ ላኩት፤ እያንዳንዱ ገብቶ እስክታዩት ድረስ ሥራው በእናንተ ስም ክፍት ነው።